የሰባቱ በሮች ጫማ

ጋሽ ኢብሮ መሞታቸውን ማንም ሳይነግረኝ ነው ያወቅሁት። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ በሬን ስከፍት ከማዶ ያሉት በሮች ደጃፋቸው ባዶ ነበር። የፎቶ ቤቱም፣ የፀጉር ቤቱም፣ የሻይ ቤቱም፣ ሰባቱም። ፀሐይ ወጥታ ጫማ ሳይወጣ የቀረበት ቀን አይቼ አላውቅም። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ቆይቶ ከታችኛው መስጊድ በድምፅ ማጉያ ስማቸው ሲጠራ እኔ አልቅሼ ጨርሼ ነበር።

ጫማ ሰፊ ነበሩ። አሮጌው መናኸሪያ አጥር ጥግ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው ቆሞ የምትይዝ፣ በቆርቆሮና በላስቲክ የተሸፈነች ቤት ነበረቻቸው። መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ሽርጣቸው ማስቲሽ የደረቀበት። ጫማ ሲሰጧቸው መጀመሪያ አያዩትም። ቀኝ እጃቸውን እስከ ጫፉ ድረስ ውስጡ ይከቱና ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆያሉ፤ ሰው የሚጨብጡ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ስለ ባለቤቱ ያወራሉ። የእኔን ጫማ የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ብለው ነው የመለሱልኝ፦

«አንቺ ተረከዝሽን ነው የምትጨርሺው። ቶሎ ቶሎ ትሄጃለሽ፣ ግን መድረስ አትፈልጊም።»

ተናደድኩ። «ጋሽ ኢብሮ፣ እኔ የሰጠሁዎት እንዲሰፉልኝ ነው እንጂ እንዲጠነቁሉልኝ አይደለም» አልኳቸው።

«ጫማሽ ነው ያለው። እኔ ምን አገባኝ?» አሉ ወስፌያቸውን እያነሡ።

እኔ ከእናቴ ይዤው ከተማዋን አሰበ ተፈሪ ነው የምላት፤ እሳቸው ጭሮ ይሏታል። ሁለታችንም የምናወራው ግን ስለ አንድ መንገድ ነበር። ከአሮጌው መናኸሪያ ቁልቁል ስለሚወርደው መንገድ። ድሮ በዚያ መንገድ ትከሻ ሳይገጩ ማለፍ አይቻልም ነበር። ከድሬዳዋ የመጣ ምሳውን በልቶ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ለመታወቂያ ፎቶ የሚፈልግ ተነሥቶ፣ ሱሪው የተቀደደበት አሰፍቶ የሚሳፈርበት ነበር። መናኸሪያው ወደ ላይኛው መንገድ ሲዛወር ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አልጠፋም። ቀስ በቀስ ነው የሄደው። ምሳ ቤቶቹ ቀደሙ። የጫት ነጋዴዎቹ ወትሮም መኪና ካለበት አይርቁም፤ ተከተሉ። ፎቶ አንሺው ሰው ሁሉ በስልኩ መነሣት ሲጀምር ትንሽ ታግሶ ሚኤሶ ያለው ወንድሙ ጋ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ ድሬዳዋ ገባ። የሻይ ቤቷን ሴት ልጇ መጥታ ወሰደቻት።

ቤቶቹ የቀበሌ ናቸው። የቀበሌ ቤት አንዴ ከለቀቁት መልሶ አይገኝም፤ ላይኛው መንገድ ዳር ደግሞ የአንዲት ክፍል ኪራይ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ የሄደ ሁሉ «እመለሳለሁ» እያለ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለጋሽ ኢብሮ ይሰጣል። ስምንት ቁልፍ በአንድ የሽቦ ቀለበት አስረው ከወገባቸው አይለዩትም ነበር። ሲሄዱ ይሰማሉ።

እኔ የቀበሌው ቤቶች ክፍል ሠራተኛ ነኝ። እየዞርኩ ተዘግቶ የከረመ ቤት መመዝገብ፣ የተመዘገበው ቤት ለተራ ጠባቂ እንዲሰጥ ማቅረብ ሥራዬ ነው። ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። ከባሌ ከተለያየሁ ወዲህ ልጄን ይዤ ከአንድ ግቢ ወደ ሌላ ግቢ ስዘዋወር ስለነበር ከተራ ጠባቂዎቹ አንዷ እኔው ራሴ ነበርኩ።

መጀመሪያ ያንን መንገድ ስመዘግብ ምንም አልጠረጠርኩም። በሮቹ ገርበብ ያሉ፣ ደጃፋቸው የተጠረገ፣ ደረጃው ላይ ጫማ የተቀመጠ። በእኛ አገር ደጃፍ ላይ ጫማ ካለ ሰው ውስጥ ነው፤ ይሰግዳል ወይ ተኝቷል፤ አይረበሽም። «ነዋሪ አለ» እያልኩ ጻፍኩ። በሁለተኛው ዙርም እንዲሁ። በሦስተኛው ዙር ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዓይኔ አንድ ነገር ላይ ቆመ። ሁለት ጥቁር ጫማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም የግራ እግር ናቸው።

ወደ ጋሽ ኢብሮ ሄድኩ። «ጋሽ ኢብሮ፣ የሻይ ቤቷ ሴትዮ ሁለቱም እግሯ ግራ ነው እንዴ?»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ሊዋሹኝ እንደፈለጉ አየሁ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ውሸቱ ግን አልመጣላቸውም።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ በመጨረሻ። «ወላሂ፣ ዓይኔ ነው። ጥቁርና ጥቁር ሲሆንብኝ ጊዜ...»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ትጽፊዋለሽ?»

«ምኑን?»

«ሰው የለም ብለሽ።»

ተነሡና «ነይ» አሉኝ። ቁልፎቹ እየተንኳኩ ከበር ወደ በር ይዘውኝ ዞሩ። ጠዋት ጠዋት ስምንቱንም ቤት ይከፍታሉ፤ ይጠርጋሉ፤ ትንሽ አየር አስገብተው መዝጊያውን ገርበብ ያደርጉና ጫማ አስቀምጠው ይወጣሉ። ወደ ማታ ተመልሰው ይቆልፋሉ። ጫማዎቹ ሊሠሩ መጥተው ባለቤቶቻቸው ያልተመለሱላቸው ናቸው፤ አንድ ጆንያ ሙሉ ነበራቸው። በየቤቱ ሲገቡ ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሰላሙ አለይኩም» ይላሉ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ አሁንም ተሰቅሏል፤ ፊቱ ባዶ ወንበር አለ። ፀጉር ቤቱ መስተዋት ውስጥ ድንገት ራሴን ሳይ ሌላ ሰው መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ማንም በሌለበት ለማን ነው ሰላም የሚሉት?» አልኳቸው።

«ዝም ብዬ ስገባ እፈራለሁ» አሉ። ምንም ሳያፍሩ ነው ያሉት።

ስምንተኛው በር ግን ከሰባቱ ማዶ ነው። ሁለት ክፍል ነው፤ ጓሮው ውስጥ ቧንቧ አለ። ዘይነባ የምትባል ልብስ ሰፊ ቤት ነበር። ዘይነባን አውቃታለሁ፤ የልጄን ዩኒፎርም የምትሰፋልኝ እሷ ነበረች። መንገዱ ደንበኛ ሲያጣ የስፌት መኪናዋን አስጭና መቻራ፣ ቡና የሚለቅም ዘመድ ያላት ቦታ ሄደች። ልጇ ናስር ከዚያ በፊት ነው የሄደው። በባሕር። ከባሕር ማዶ አንድ ጊዜ ብቻ ደወለ፤ ከዚያ የእናቱ ስልክ ተሰረቀ፣ ቁጥሯም ጠፋ፣ የሱም ጠፋ። አሁን ልጁ ከእናቱ የሚያውቀው ይህን በር ብቻ ነው። ቢመለስ የሚመጣው እዚህ ነው።

ጋሽ ኢብሮ ሌሎቹ በሮች ላይ ከጆንያው የተገኘውን ያስቀምጣሉ። እዚህ በር ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ጫማ ነበር፤ ቡናማ፣ የቆዳ፣ አዲስ ሶል የገባለት የወንድ ጫማ።

«የራሱ ነው» አሉኝ። «ሶል ቀይሩልኝ ብሎ ሰጠኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ነገ ና አልኩት። በነጠላ ጫማ ሄደ። በነጠላ ጫማ የሚሄድ ልጅ ሩቅ ይሄዳል ብሎ ማን ያስባል? እናቱም አላሰበች፣ እኔም አላሰብኩ።» እጃቸውን ጫማው ውስጥ ከተቱ። «ነገ ና ብዬ የቀጠርኩት እኔ ነኝ። ቀጥሬው ልጠፋ?»

ዞሬ ቢሮ ገባሁና ስምንቱንም «ነዋሪ አለ» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። የዚያን ቀን ሌላ መጻፍ ስላልቻልኩ ነው።

ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት እሳቸው ጋ ማረፍ ለመድኩ። እኔ ደረቅ እንጀራዬን፣ እሳቸው በላስቲክ የመጣላቸውን ሻይ ይዘን በመንገዱ ላይ የሚያልፈውን ሰው ጫማ እናያለን። የሰው ፊት አያዩም ነበር። «ይሄ ዛሬ ተጣልቷል» ይላሉ፤ «ያቺ ቤት ልትቀይር ነው፣ አረጋገጧ ቀሏል።» የሚያልፈው ሰው ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሲሄድ የሚሉት ነገርም አነሰ። አንዳንድ ቀን ሙሉውን ሰዓት ዝም ብለን ባዶውን መንገድ እናያለን።

አሁን የሠራሁትን ልናገር። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ቤቱን ለልጁ ሰርግ ሊያድሰው ፈለገና በወሩ መጨረሻ ውጪልኝ አለኝ። ላይኛው መንገድ ያየኋቸው ክፍሎች የእኔ ደመወዝ የሚደርስባቸው አልነበሩም። ልጄ ማርታ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ የት ላስገባት? ቢሮ ደግሞ አዲስ ኃላፊ መጥቶ «በዚያ መንገድ አንድም ዝግ ቤት የለም ማለትሽ ነው? እኔ ራሴ ልዙር?» ማለት ጀመረ። እሱ ቢዞር ስምንቱም ያልቃሉ አልኩ። አንዱን ብሰጠው ሰባቱ ይተርፋሉ አልኩ። ለራሴ እንዲህ አሳምሬ ነገርኩት። አንዱን ዝግ ነው ብዬ መዘገብኩ። ተራው የእኔ ነበር። ከስምንቱ የመረጥኩት ሁለት ክፍልና ቧንቧ ያለውን ነው። የዘይነባን።

አስቀድመው ሰምተው፣ ጓጉንቸሩን የሚሰብር ሰው እንዳላመጣ ብለው ነው መሰለኝ፣ ዕቃዬን በባጃጅ ጭኜ ስደርስ ጋሽ ኢብሮ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከሽቦው ላይ አንዱን ቁልፍ ለማውጣት ብዙ ታገሉ። አውጥተው ሰጡኝ። እንዲሰድቡኝ ጠበቅሁ። እንዲሰድቡኝ ፈልጌም ነበር።

«ቤት ያስፈልግሻል» አሉ። «ለልጅሽ ያስፈልጋታል። ለዘይነባ እኔ እነግራታለሁ። አንድ ነገር ብቻ።» ቡናማውን ጫማ ደረጃው ላይ አስተካክለው አስቀመጡት። «ይሄ ከዚህ አይነሣ። እኔ ባልኖር እንኳን፣ ጫማውን ካየ ቆሞ ይጠይቃል። ካላየ ይሄዳል። አውቀዋለሁ፣ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ነው።»

«እሺ» አልኳቸው። አሁን ሳስበው በሕይወቴ ያን ያህል የቀለለ እሺ ብዬ አላውቅም።

አንድ ሳምንት አላቆየሁትም። ብቻዋን የምትኖር ሴት ደጃፍ ላይ የወንድ ጫማ ሲታይ ሰው ምን እንደሚል አገሬው ያውቀዋል። ውኃ የምትቀዳ ጎረቤት ጫማውን አየት፣ እኔን አየት እያደረገች ፈገግ ትላለች። ቢሮ ውስጥም «አስቴር ቤትም ባልም አገኘች» ተባለ። ማርታ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። ጫማውን አንሥቼ አልጋ ሥር አስገባሁት። ጋሽ ኢብሮ ጠዋት ሲዞሩ አውጥቼ አስቀምጣለሁ፤ ሲያልፉ መልሼ አስገባለሁ። እሳቸው ዘወትር ከማዶ ሆነው ይጠይቁኛል፦

«አስቱ! ጫማው ውጭ ነው?»

«ውጭ ነው፣ ጋሽ ኢብሮ!»

በዓመቱ መሰላ ከተማ ያለች እህታቸው ሞተች። ለለቅሶ ሲሄዱ ቁልፎቹን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ሦስት ቀን ነው። ሰባቱን በር አንቺ ትከፍቺያለሽ። ሰላም ማለት አትርሺ።» ቤታቸውን በላስቲክ ሸፍነው በገመድ አሰሩና ሄዱ። እኔም ሠራሁ። በየጠዋቱ ከጆንያው ጫማ እያወጣሁ ሰባቱ በር ላይ አስቀመጥኩ፤ ግራና ቀኙን አይቼ፣ አስተካክዬ። የራሴ በር ላይ ግን የሚያየኝ ስለሌለ ምንም አላወጣሁም።

በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ማርታ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«እማዬ፣ አንድ ሰው መጥቶ ነበር።»

«ማን?»

«አላውቀውም። ቀጭን ነው። ትንሽ ቦርሳ ይዟል። እንትን አለኝ... ዘይነባ የምትባል ልብስ ሰፊ እዚህ የለችም ወይ አለኝ። እኛ ነን የምንኖረው አልኩት።»

ቦርሳዬ ከእጄ ወደቀ። «ከዚያስ?»

«ደረጃውን አየው። ከዚያ ጋሽ ኢብሮ ጋ ሄደ፣ ዝግ ነው። ከዚያ ሻይ ቤቱን አንኳኳ፤ ፎቶ ቤቱን አንኳኳ፤ ሁሉንም አንኳኳ። ጫማ አለ፣ ግን ማንም አልወጣም።» ልጄ ድምፅዋን ቀነሰች። «መጨረሻ ላይ ተመልሶ መጣና፣ ሁሉም ውስጥ ናቸው አይደል? አለኝ። እኔ ምን ልበለው? አዎ አልኩት። ሳቀ፣ ግን የእውነት ሳቅ አይደለም። አይተውኝ ነው የተደበቁት አለ። ከዚያ ይዞት የመጣው መኪና ጥሩንባ ነፋና ሮጦ ሄደ።»

በባጃጅ ላይኛው መንገድ ደረስኩ። መናኸሪያውን፣ የጫት አይሱዙዎች የሚቆሙበትን፣ ነዳጅ ማደያውን ዞርኩ። ቀጭን፣ ትንሽ ቦርሳ የያዘ ወንድ ስንት እንዳለ ያን ቀን ነው ያየሁት። ናስር የለም።

የገደለኝ እኔ ጫማውን አለማውጣቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጋሽ ኢብሮ እናገር ነበር፤ እግራቸው ላይ ወድቄ። ነገር ግን ልጁ እናቱን ፍለጋ ያንኳኳቸው በሮች ሁሉ ሰው ያለባቸው እንዲመስሉ ተብለው የተከፈቱ በሮች ነበሩ። ያ ሁሉ ጫማ የተቀመጠው የሄደ ሰው ሲመለስ በሩን እንዲያገኝ ነበር፤ እሱ ግን የሄደው በዚያው ጫማ ምክንያት ነው። ይህን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ያን ሁሉ ዘመን ጠዋት ጠዋት የለፉበት ነገር ልጁን እንዳባረረ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? ሐዘናቸውን ጨርሰው ይምጡ አልኩ። ሲመጡ፣ ትንሽ ይረፉ አልኩ። ረመዳን ይለፍ አልኩ። ከዚያ የቆየ ነገር ስለሆነ መናገሩ አሳፋሪ ሆነ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቡናማው ጫማ ደረጃው ላይ ነው። ሰው የፈለገውን ይበል ብዬ ተውኩት። ዝናብ ሲመጣ በላስቲክ እሸፍነዋለሁ፤ ፀሐይ ግን በላው። አንድ ቀን ጋሽ ኢብሮ ቀለም ሊቀቡት አነሡትና እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ከተቱ። ከዚያ አገላብጠው አዩት።

«አስቱ» አሉ። «ይሄ ጫማ አሁን ነው ፀሐይ ያየው።»

ላስቲኩን ማጠፍ ጀመርኩ።

«ያኔ፣ በፊት፣ ፀሐይ አላየም ነበር። አውቄአለሁ። ሴት ነሽ፣ ሰው ያወራል ብዬ ዝም አልኩሽ።» ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «አሁን ምን ሆነሽ ነው የምታወጪው?»

ያ ቀን የተሰጠኝ ቀን ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ቃል ስለገባሁልዎት ነው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዳላመኑኝ አውቃለሁ። ጫማውን መልሰው አስተካክለው አስቀመጡና ወደ ሥራቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላም ግን በየጠዋቱ ከማዶ መጠየቃቸውን አልተዉም። «ጫማው ውጭ ነው?» ሲሉኝ እንድናገር በር የሚከፍቱልኝ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ እየሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል ነው የሞቱት።

በሦስተኛው ቀን ዘይነባ ከመቻራ መጣች። በዚያ የተበላሸ መንገድ ተጭና ስትደርስ ሻርፗ በአቧራ ቀይ ሆኖ ነበር። ለቅሶውን ደርሳ፣ ወደ እኔ መጣች። ቤቷን ከወሰድኩባት ወዲህ ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። በሩ ላይ ቆመች። ግቢ አልኳት፤ አልገባችም። ቁልቁል ታይ ነበር።

«እስካሁን እዚህ ነው እንዴ?» አለች። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጫማውን አነሣች። አቧራውን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። እሳቸው ያደርጉት እንደነበረው እጇን ውስጡ ከተተች።

«ጋሽ ኢብሮን ተዉት ብያቸው ነበር» አለች። «አምና ነው፣ ደውዬ። ይበቃል፣ ልጄ ባሕር ውስጥ ነው፣ እኔም ዱዓ አስደርጌለት ጨርሻለሁ አልኳቸው። አይ፣ ቀጥሬዋለሁ አሉኝ። ወላሂ ያን ጊዜ ተቆጣኋቸው። ሽማግሌው ቁስሌን ይነካካል ብዬ ተቆጣኋቸው።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ዘይነባ» አልኳት፤ «መጥቶ ነበር።»

ቀስ ብላ ዞረች።

ሁሉንም ነገርኳት። አልጋ ሥር ስለገባው ጫማ፣ ስለ መሰላው ለቅሶ፣ በእጄ ስላስቀመጥኳቸው የሰባት በር ጫማዎች፣ ስላንኳኳቸው በሮች፣ አይተውኝ ተደበቁ ስላለው። እንድትረግመኝ፣ ፀጉሬን ይዛ እንድትጎትተኝ ጠበቅሁ። ጭንቅላቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

«ልጅሽ ናት ያየችው?» አለች።

«አዎ።»

«ጥሪያት።»

ማርታ መጣች። ዘይነባ ሁለቱን እጆቿን ያዘቻት። «ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ስሚኝ። በእግሩ ነው የቆመው?»

«አዎ።»

«ሁለቱም እግሩ አለ?»

«አለ። ሮጠ እኮ።»

«ጢም አለው?»

«ትንሽ... እዚህ ጋ» አለች ማርታ አገጭዋን እየነካች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዘይነባ። ደጋግማ አለችው፤ ድምፅዋ እየጨመረ፣ እየተሰበረ። «አልሐምዱሊላህ። ሮጧል! ሰምተሻል? ልጄ ሮጧል!» ጫማውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ደረጃዬ ላይ፣ ደረጃዋ ላይ፣ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዝ ነበር። እንባና ሳቅ ተቀላቅሎባት።

እኔ ግን በዚያች ሰዓት ነው ጋሽ ኢብሮን ዳግመኛ የገደልኳቸው የመሰለኝ። ለሁለት ዓመት የደበቅሁት ጥፋቴን ብቻ መስሎኝ ነበር። የደበቅሁት ልጁ በሕይወት መኖሩን ነው። እናቱ እንኳን ተስፋ ቆርጣ ስትተው ብቻቸውን ሲጠብቁት የነበሩት ሽማግሌ ልክ ነበሩ፤ ልክ መሆናቸውን ከዚህ ዓለም የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከማዶ እየጮኹ በየጠዋቱ ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም «ውጭ ነው» እላቸው ነበር።

ዘይነባ ከመሄዷ በፊት የማርታን እስክሪብቶ ተቀብላ ስልክ ቁጥሯን በጫማው ውስጥ፣ ተረከዙ በሚያርፍበት ላይ ጻፈች። ደጋግማ አደመቀችው። እኔን ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም። ስትሄድ የማርታን ግንባር ስማ ለእኔ እጇን ብቻ ሰጠችኝ።

የጋሽ ኢብሮ የእህት ልጅ ቁልፎቹንና ጆንያውን አምጥታ ሰጥታኛለች። ሰባቱን ቤት ጠዋት ጠዋት እከፍታለሁ፤ እጠርጋለሁ፤ ሰላም እላለሁ። ጫማ ግን አላስቀምጥም። በየበሩ ላይ ወረቀት ለጥፌአለሁ፦ «እዚህ ሰው የለም። ማዶ፣ ቧንቧ ያለበትን ቤት አንኳኩ፤ ይከፈታል።» ይህን የለጠፍኩ ቀን ቤቶቹን ለኃላፊዬ አሳልፌ እንደሰጠሁ አውቃለሁ፤ ማንበብ ይችላል። እስካሁን ወደዚያ መንገድ አልወረደም። የወረደ ዕለት የምለውን ገና አላዘጋጀሁም።

ጠዋት ስወጣ ማርታ ከውስጥ ትጠይቀኛለች። ማን እንዳስተማራት መጠየቅ አያስፈልገኝም።

«እማዬ፣ ጫማው ውጭ ነው?»

ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ቁጥሩ እንዳልደበዘዘ አረጋግጣለሁ።

«ውጭ ነው» እላለሁ፤ ጥግ ላይ ወዳለችው፣ ላስቲኳ ወደተገነጠለው ባዶ ቤት ዞሬ፣ ከማዶ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።